ከስድስት ኪሎ እስከ ማዘጋጃ ቤት፤ የአንድ ፊልም ጉዞ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ በአፍንጮ በር በኩል ወርዶ፣ ፒያሳን አልፎ ማዘጋጃ ቤት የሚደርስ እግረኛ ብዙም አይደክም። የወሎ ረሃብ እውነት ግን ይህችን አጭር መንገድ ለመፈጸም ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ ያውም በለንደን በኩል ዞሮ።

በ1965 ዓ.ም. ከወሎ የተነሡ ረሃብተኛ ገበሬዎች አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ሲያመሩ በፖሊስ ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶም የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ዘልቀው ያነሧቸውን ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ። እንግዲህ ምስክር አልጠፋም ነበር፤ የታጣው ምስክሩን የሚሰማ ጆሮ ነው።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከቴምስ ቴሌቪዥን ባልደረቦቹ ጋር ወሎ ገብቶ ያነሣው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ታየ። ርእሱ ራሱ ክስ ነበር፤ ረሃቡን የተራበውም ገዢውም ያውቁት ነበርና። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ሟቹን የሚቆጥር እንዳልነበረ ያስረዳል።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ በዘመን መለወጫው ዕለት፣ ፊልሙ በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ከነበረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተሠራጨ። የቀረበው ግን እንደ ተነሣ አልነበረም፤ በረሃብተኛው ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ድግስና ምቾት ተሰክቶበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ሁለት ተቃራኒ ምስሎችን ጎን ለጎን ማኖር የተውኔትም የፊልምም የቆየ ጥበብ ስለሆነ፣ ቅንብሩ ብቻውን ሐሰት አያሰኘውም። ጥያቄው ፊልሙን ያሳየው ደርግ እውነቱን ለምን እንደ ፈለገው ነው። ረሃቡ እንዴት እንደ ተደበቀ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ሳለ፣ ጉዳዩ ለፍርድ ሳይደርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል ሰዎች ተረሸኑ፤ ከእነርሱም መካከል ሊጠየቁ የሚገባቸው ሹማምንት ነበሩ። ምላሻቸውም አብሮ ተቀበረ።

ከአሥር ዓመት በኋላ ረሃቡ ተመለሰ። የእርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽን አስቀድሞ ቢያስጠነቅቅም፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል እስኪያልፍ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይዘልቁ ተከለከሉ። ማይክል በርክና ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ምስል በቢቢሲ የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። የትናንቱን ድብቅነት በፊልም የከሰሰው መንግሥት ራሱ በፊልም ተከሰሰ።

ዲምብልቢ ለሠራው ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ የእርሱን ፊልም ስናስታውስ የመምህራኑን ፎቶግራፎች መርሳታችን ያሳዝናል። እነዚያ ፎቶግራፎች ከግቢው ወጥተው፣ የአፍንጮ በርን ቁልቁለት ወርደው፣ ማዘጋጃ ቤት በጊዜው ደርሰው ቢሆን ኖሮ፣ ስንቱ በሕይወት በኖረ!