ከሰደፍ እስከ ጊታር አንገት

በማንኪራ ደን ለቡና ጥላ ከሚሆኑት ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነው። በገናና ክራርም ከዚሁ እንጨት ይሠራሉ፤ ስለዚህ የእንጨትና የዘይት ታሪክ ለእኛ ለከፋ ልጆች እንግዳ አይደለም።

ተልባን አገራችን ከጥንት ጀምራ ታመርታለች። ነገር ግን ቆልተንና ወቅጠን ለጾም እንበጠብጠዋለን እንጂ እንጨት አንቀባበትም። በኤውሮፓ ግን ሠዓሊዎች ቀለም ለወሱበት፤ የእንግሊዝ ወታደሮችም ሊ ኤንፊልድ የተባለውን ጠመንጃ ሰደፍ አሹበት። ምክንያቱም ቅቤ እንደ ቀባነው ሲቀር፥ የተልባ ዘይት ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ በእንጨቱ ውስጥ ይጠነክራል።

ይህን ጥበብ ጊታር ሠሪዎችም ወሰዱት። ሙዚክ ማን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የብዙ ጊታሮቹን አንገት በሰደፍ ዘይትና በሰም ያሻል። ቫርኒሽ ያላበውን አውራ ጣት ሲይዝ፥ በዘይት የታሸ አንገት እጅን ያንሸራትታል። የከፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. ዘመቻ በጠመንጃ ኃይል መውደቁን ለሚያስታውስ ሰው፥ የሰደፍ ዘይት ለዜማ ሲውል ማየት ደስ ያሰኛል።

አቀባቡ ትዕግሥት ይጠይቃል። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ጥቂት ዘይት በጨርቅ ይታሻል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉ ይጠረጋል፤ ሲደርቅ ይደገማል። እኔ ቸኩዬ አብዝቼ ብቀባው ሳምንት ሙሉ ሲጣበቅብኝ ሰነበተ።

የሚያስፈራው ግን ጨርቁ ነው። ተጠቅልሎ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ እየሞቀ ሄዶ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ወላጆች ሆይ፥ ልጅዎ ቀብቶ ሲጨርስ ጨርቁ ከቤት ውጭ መዘርጋቱን ወይም ውኃ ውስጥ መነከሩን ይመልከቱ።