የፈረስ መወጣጫ

ፈረስ ላይ ለመውጣት የሚረገጥ ድንጋይ፣ ጉማጅ ግንድ ወይም የእንጨት ደረጃ። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ በሮም ጋይዮስ ግራኩስ ፈረሰኞች ያለ ረዳት እንዲወጡ በየመንገዱ ዳርና ዳር ድንጋይ አስተክሏል።

በኢትዮጵያ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መወጣጫ ብዙም አይታይም። ያገራችን ፈረስ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.40 ሜትር ስለማይበልጥ ጎልማሳ ሰው ከመሬት ተነስቶ ይወጣዋል። ሆኖም የጥንቱ እርካብ ጠባብ ነበር፤ ፈረሰኛው ባዶ እግሩን ሆኖ የሚያስገባው የእግሩን አውራ ጣት ነው። አቅም ያነሰው ሰው ከጉብታ ወይም ከድንጋይ ካብ ላይ ይነሳል፤ ሌላው ልጓሙን ይዞ በወዲያኛው ጎን እርካቡን ቁልቁል ይጫንለታል።



የመወጣጫ ዋና ተጠቃሚ ፈረሱ ነው። ከመሬት ሲወጡ የሰውየው ክብደት በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ኮርቻውን ያጣምማል፣ የጀርባ አጥንቱንም ይጫናል። ኮርቻ የላጠው ጀርባ በቀላሉ አይድንም፤ ስለዚህ ልማዱ በእኛም አገር ቢስፋፋ ይበጃል። መወጣጫው የማይነቃነቅ፣ ሁለት እግር አሳምሮ የሚያስቆም ይሁን። ፈረሱ በጎኑ ተጠግቶ ጸጥ ብሎ ይቆማል፤ ፈረሰኛው ልጓሙን ከጋማው ጋር ጨብጦ አንድ እግሩን እርካብ ውስጥ ያስገባል፣ ሌላውን የፈረሱን ዳሌ ሳይነካ ያሻግራል፣ ከዚያም ኮርቻው ላይ ዘፍ ሳይል ቀስ ብሎ ይቀመጣል።