የማን ልጅ ነህ?

ከጅግጅጋ ብዙም ሳይርቅ ሐርቲሼክ የሚባል ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሐርጌሳ ጦርነት ሲነሳ ድንበር ያቋረጡ ስደተኞች ሰፈሩበት። በአንድ ወቅት ከዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ይባል ነበር፤ በ2004 ተዘጋ።

በእነዚያ ዓመታት የሶማሌ ሐዋላ በሬዲዮ መገናኛ ይሠራ ነበር። ላኪው ሩቅ ነው፣ ተቀባዩ መታወቂያ የለውም። ታዲያ ከፋዩ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል፦ የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? ማን ላከልህ? አብቲርሲ፣ ማለትም የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ የዚያ ዘመን የይለፍ ቃል ነበር በሉት። መልሱ ካልገጠመ ብር የለም፣ በቃ።

ዛሬ በጅግጅጋም በቶጎ ውጫሌም ገንዘብ በሄሎካሽ፣ በስልክ ይላካል። ጥያቄውን ግን እየረሳነው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ የነበረው ጃዋር መሐመድ ኢሜይል ደረሰው። ሊንኩ ቪዲዮ ያሳያል፤ ለማየት ግን «አዶቤ ፍላሽን አዘምኑ» ይላል። ማዘመኛው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ጃዋር ጠረጠረና ለካናዳው ሲቲዝን ላብ ላከው። ተቋሙ በ2017 ባወጣው ዘገባ ሶፍትዌሩ የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት መሆኑን ገለጸ። ልብ በሉ፣ በሩን የሰበረ ማንም የለም፤ የሚፈለገው ባለቤቱ ራሱ እንዲከፍት ነበር።

ከ2024 ወዲህ የተስፋፋው ክሊክፊክስ ደግሞ ማዘመኛ እንኳን አይልም። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይልና መመሪያ ይሰጣል፦ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን ተጫኑ፣ ከዚያ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዚያ ኢንተር። እናንተ ምንም ኮፒ አላደረጋችሁም፤ ገጹ ግን ትዕዛዙን በድብቅ ኮፒ አድርጎላችኋል። ኢንተር ስትሉ ኮምፒውተሩ ሌባውን ፕሮግራም ያወርዳል፣ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃል ሁሉ ይለቅማል። ትዕዛዙን የሰጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ አንቲቫይረሱም ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

እውነተኛ ማረጋገጫ በዊንዶውስና በአር ትዕዛዝ ለጥፉ አይልም። አንዴም። ሰው በቴሌግራም «ይህን ኮድ ለጥፈው፣ ይስተካከልልሃል» ካላችሁም ያው ነው።

አድርጋችሁት ከሆነ አትፈሩ፣ ፍጠኑ። ኢንተርኔቱን ንቀሉ፤ የይለፍ ቃላችሁን በሌላ መሣሪያ ቀይሩ፤ ኮምፒውተሩንም ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

የሐርቲሼክ ሐዋላ ከፋይ ኮምፒውተር አላየም። ግን የማያውቀው ሰው እጁን ሲያዘው ጥያቄ ነበረው፦ አንተ የማን ልጅ ነህ?