ልዑል ራስ እምሩ፦ የጃንሆይ አብሮ አደግ፣ የዐመፀኞቹ ጠቅላይ ሚኒስትር

ሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር ፖንዛ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ወሰዱት። ያሳረፉበት ቤት ቀደም ሲል ሌላ እስረኛ ነበረው፤ ራሱ ሙሶሊኒ ከሀገሩ አስግዞ ያመጣው ኢትዮጵያዊ፣ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ።

ይህችን ወግ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። እኔም ስለ ሰውየው ለረጅም ጊዜ የማውቀው እሷንና የሽሬን ጦርነት ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሕይወታቸው ግን ዛሬም ድረስ የምንከራከርበትን ጥያቄ ይዟል፦ ቅን ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሆኖ ምን ያህል መሥራት ይችላል?

(በነገራችን ላይ «ኃይለ ሥላሴ» የአባታቸው የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ስም ነው። የጃንሆይ ልጅ የሚመስሏቸው አሉ፤ አይደሉም።)

እምሩ የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. ነው። ተፈሪ መኮንን በጥቂት ወራት ይበልጧቸዋል። ሁለቱ ዘመዳሞች ሐረር፣ በራስ መኮንን ቤት እንደ ወንድማማች አደጉ፤ ከአንድ መምህር፣ ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን እግር ሥር ተማሩ። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው አዲስ አበባ ሲገቡ ሐረርን እምሩ ያዙላቸው። ወሎ ላይ ታማኝ ሰው ሲያስፈልግ እምሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ከጎጃም ሲነሡም እንዲሁ እምሩ ተላኩ። የጎጃም መኳንንት ከሸዋ የመጣ ገዥ ተሾመብን ብለው ቅር እንዳላቸው ልብ በሉ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጦርነት ሲመጣ ራስ እምሩ ይዘው የዘመቱት ያንኑ የጎጃም ሠራዊት ነው።

ያ ሠራዊት ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የሠራው ይገርማል። ጠላት ታንክ ይዞ መጣ። የእኛዎቹ ታንክ የሚመታ መሣሪያ የላቸውም። ተዋጊዎቹ በየቋጥኙ ተደብቀው ጠብቀው ታንኩ ላይ ወጡበት፤ የቻሉትን በእጃቸው ማረኩ። ጣልያን ወደ ኋላ ሸሸ። አጸፋው የመጣው ከሰማይ ነው። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ለጣልያናዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ እንደተናገሩት፣ ተከዜ ዳር አውሮፕላኖቹ የጣሉት የተለመደውን ቦምብ አልነበረም። መሬት ሲነካ የሚሰበርና ፈሳሽ የሚረጭ በርሜል መሳይ ነገር ነበር። የነካው ሰው ገላ ተቃጠለ። የመርዝ ጋዝ ነበር። ጦር አዛዡ ምን እንደሆነ እንኳ ስላላወቁ ለወታደሮቻቸው የሚነግሩት መላ አልነበራቸውም። የካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ ሠራዊቱ ብርቱ ውጊያ ተዋግቶ ተፈታ።

ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ እንደራሴ አድርገው የተዉአቸው እኚህኑ ራስ ነው። መቀመጫቸው ጎሬ ሆነ፤ የሆለታ ምሩቃንና ሌሎች ወጣቶች ያቋቋሙት ጥቁር አንበሳም አብሯቸው ተሰለፈ። በአካባቢው ግን የአዲስ አበባ አገዛዝ የመረረው ብዙ ሕዝብ ስለነበረ እንደ እንግዳ ጦር የቆጠሯቸውም ነበሩ። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። እሳቸው ወደ ጣልያን ተጋዙ። አብረዋቸው ከገቡት ወጣቶች መካከል ግን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተረሸኑ አሉ።

ከስደትና ከእስር መልስ ጃንሆይ ለአብሮ አደጋቸው የሰጧቸው ሥራ አምባሳደርነት ነው፤ አሜሪካ፣ ቀጥሎ ሕንድ። ክብር ያለው ሹመት ነው፤ ግን ሩቅ ነው። የሩቅነቱን ምክንያት እኔ የምገምተው ከመሬት ጉዳይ ነው። ራስ እምሩ የገዛ መሬታቸውን ለገበሬዎች ያከፋፈሉ መስፍን ናቸው፤ «ቀዩ ራስ» የሚለው ቅጽልም ከዚህ መጣ። ሌላው መኳንንት በጭሰኛ ጉልበት እየኖረ አንድ ራስ ይህን ሲያደርግ ለቤተ መንግሥቱ የሚመች ጎረቤት አይሆንም።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ያወጁት የራስ እምሩን ስም ነበር። ሙከራው በቀናት ከሸፈ። ጄኔራሉ ተሰቀሉ። ራስ እምሩን ግን ጃንሆይ አልነኳቸውም።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ልናገር። ዐመፀኞቹ የመረጧቸው ሕዝብ ስለሚያምናቸው ነው፤ ጃንሆይ የማሯቸው እሳቸውም ስለሚያምኗቸው ነው። በሁለቱም ወገን መታመን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ እምነት አንድ የመሬት አዋጅ አላስወጣም። የራሳቸውን ሰጡ፤ የሌላውን የሚያስገድድ ሕግ ግን በጃንሆይ ዘመን አልመጣም። አጎንብሰው አልኖሩም፤ በአደባባይም አልተጣሉ። እኔ ጥፋተኛ ናቸው ለማለት አልደፍርም። ወንድም ሆኖ ካሳደገህ ሰው ጋር መጋጨት በወረቀት እንደሚጻፈው አይቀልም። ዋጋው ግን በኋላ ለሁሉም ተረፈ።

የ1966 አብዮት ሲመጣ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት በዚያው ወቅት ነው። ደርግ መኳንንቱን ሲያስርና ሲረሽን አዛውንቱን ራስ ግን አላሰራቸውም። ትዝታቸውን ጽፈው ትተውልናል፤ «ካየሁት ከማስታውሰው» ይባላል።

ነሐሴ 1972 ዓ.ም. ሲያርፉ ያው ደርግ በመንግሥት ሥርዓት ቀበራቸው። አብሮ አደጋቸው በዚያን ጊዜ ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ መቃብራቸው የት እንደሆነ ለሕዝብ አልተነገረም። አስከሬናቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ከወለል ሥር የወጣው በ1984፣ ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደግሞ ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው።