ዋልያዎቹ በባዕድ ሜዳ፦ ከካርቱም እስከ ኪንሻሳ

ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ የፍጻሜ ውድድሮች ላይ እስካሁን ሰባት ጨዋታዎችን አሸንፋለች። ከሰባቱ ስድስቱ በራሷ ሜዳ የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱ በ1962፣ ሦስቱ በ1968፣ አንዱ በ1976። ከአገር ወጥታ ያሸነፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1963 ጋና ውስጥ ቱኒዚያን 4 ለ 2 የረታችበት ነው። (ያለ ማብራሪያ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለ ብሔራዊ ቡድናችን ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን የአዲስ አበባ ስታዲየም ታሪክ ነው። ይህ ቅኝት የሚከተለው ሌላውን መንገድ፣ ቡድኑ ሻንጣውን ይዞ የወጣበትን ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ጥንካሬና ድካም በግልጽ የሚታየው እዚያ ነውና።

መነሻው ዘግየት ይላል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1935 ሲመሠረት የጣልያን ወረራ ተጀምሮ ነበር። ፌዴሬሽኑ የተቋቋመው ከነጻነት በኋላ በ1943 ሲሆን፣ ብሔራዊ ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን በ1947 አዲስ አበባ ላይ አድርጎ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን፣ የዛሬዋን ጂቡቲን፣ 5 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አድርጓል። ኳሱም ያንኑ የአባይ አቅጣጫ ተከትሎ ነው ወደ ውጭ የወጣው። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ተጫዋቾች ትልቅ ጨዋታ ፍለጋ ይጓዙባቸው የነበሩት ከተሞች ካርቱምና ካይሮ ነበሩ።

የካቲት 1957 ካርቱም ላይ የሆነው ነገር የዘመኑ ትልቁ መታጠፊያ ነው። ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ መሠረቱ። ወዲያውም የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ለመጫወት ተሰለፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ቀላቅላ ለማሰለፍ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ከውድድሩ ወጣች። ተጋጣሚዋ የነበረችው ኢትዮጵያም አንድ ጨዋታ ሳታደርግ ለፍጻሜ ደረሰች። ፍጻሜው ግን አልራራላትም። ግብጽ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ጎል ያስቆጠረው አድ-ዲባ ነበር። እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው ታላቅ የውጭ ጉዞ በሜዳ ሽንፈት፣ በስብሰባ አዳራሽ ድል ሆነ። ይህ መንታ መልክ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ተገልላ እንድትቆይ ሲታገሉ፣ በእነዚያው ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ ከአገር ውጭ በአፍሪካ ዋንጫ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ የነበረን ሥፍራ በሜዳው ላይ ከነበረን ይበልጥ ነበር ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

በ1959 ካይሮ ላይ ሦስት አገሮች ብቻ በተካፈሉበት ውድድር ኢትዮጵያ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፈች። በ1961 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እስራኤልን ገጥማ ሁለቱንም ጨዋታ በአንድ በአንድ ጎል ልዩነት አጣች። ከዚያ 1962 መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ ተደረሰባት። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አስቆጠሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ይህ የታወቀ ታሪክ ነው። ብዙም የማይወራው ከዓመት በኋላ የሆነው ነው። ሻምፒዮኑ ቡድን ጋና ሄዶ በአስተናጋጇ 2 ለ 0 ከተረታ በኋላ ቱኒዚያን አሸነፈ። ለሦስተኛ ደረጃ ግን በግብጽ 3 ለ 0 ተሸንፎ አራተኛ ሆኖ ተመለሰ። ከደጋው ሲወርድ ያ ቡድን ሌላ ቡድን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ቁልቁል ነው። በ1965 ቱኒዚያ ላይ 4 ለ 0 እና 5 ለ 1፣ በ1970 ሱዳን ላይ ደግሞ ሦስቱም ጨዋታ ሽንፈት። በዚያ ውድድር አይቮሪ ኮስት ኢትዮጵያን 6 ለ 1 ስታሸንፍ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ጎል አስቆጥሯል። በሁለቱ መሀል፣ በ1968፣ አዲስ አበባና አሥመራ ባስተናገዱት ዋንጫ ያው የኢትዮጵያ ቡድን የምድቡን ሦስት ጨዋታዎች በሙሉ አሸንፎ ነበር። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የሚገኘው የአዲስ አበባ ሜዳ፣ ቀጭኑ አየርና የደጋው ተመልካች ምን ያህል ይሠሩ እንደነበር ከዚህ ንጽጽር ይነበባል። የአሠልጣኞቹን አሰላለፍና የእያንዳንዱን ጨዋታ ደቂቃ ለባለሙያው ትቼ አልፋለሁ።

የቡድኑ ስም፣ ዋልያዎቹ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሳል። በሌላ የኳስ ዓይነት፣ በራግቢ ሊግ፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን በካንጋሮ ስም ይጠራል። በ1908 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ብሪታኒያ ሲሻገር እስከ ተከታዩ ዓመት ድረስ እዚያው ከርሞ ነው የተጫወተው። አንድን ባላጋራ በተከታታይ ደጋግሞ የመግጠም ልማድ የተመሠረተው በእንዲህ ያሉ ጉዞዎች ነው። ቡድን በጉዞ ይሠራል፤ አብሮ ይበላል፣ ተሸንፎ በሳምንቱ ያንኑ ባላጋራ እንደገና ይገጥማል። የእኛ ቡድን ግን እንዲህ ያለ ጉዞ ኖሮት አያውቅም። ይሄዳል፣ ዘጠና ደቂቃ ይጫወታል፣ ይመለሳል። ስሙን የሰጠው እንስሳ ደግሞ ጭራሹኑ የማይጓዝ ነው። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም የትም በዱር አይገኝም። ከደባርቅ በላይ ካለው ገደል አንሥቶ በራስ ደጀን ግርጌ እስካለችው አምቢኮ ድረስ ያለው አገር የእርሱ ነው፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክም በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የደባርቅና የዳባት ሰው ዋልያውን በገደሉ ላይ፣ ዋልያዎቹን ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው የሚያውቃቸው። ይህ እጣ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖረው የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ነው። ለእርሱ ሁሉም ጨዋታ ከሜዳ ውጭ ነው።

ከ1974 በኋላ የመጣው ዘመን ጉዞን አጠበበ። የፓስፖርትና የመውጫ ፈቃድ ጉዳይ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። አገሪቱ ከሞንትሪያል፣ ከሎስ አንጀለስና ከሴኡል ኦሊምፒኮች ቀረች። ዋንጫውን ያነሣው ሉቺያኖ ቫሳሎ ራሱ በ1978 አገር ጥሎ ወጥቶ ኑሮውን ጣልያን አደረገ፤ በ2022 እዚያው አረፈ። በ1982 መንግሥቱ ወርቁ በአሠልጣኝነት እየመራው ቡድኑ ሊቢያ ደረሰ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ጎል ተለያየ። ያቺ አልጄሪያ በዚያው ዓመት ስፔን ላይ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈችው ናት። በዚያው ዘመን የተሰደዱት ኢትዮጵያውያን በ1984 በሰሜን አሜሪካ የራሳቸውን የስፖርት ፌዴሬሽን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ የሚያደርጉት ውድድር ኳስን ሰበብ ያደረገ የስደተኛ ጉባኤ ሆኗል።

ከሊቢያ በኋላ ሠላሳ አንድ ዓመት የአፍሪካ ዋንጫ የለም። ክፍተቱን የሞላው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ሴካፋ፣ ነው። በ1987 አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌ በመለያ ምት ተረትታ ዋንጫው ሲቀር፣ የደምሴ ዳምጤን የሬዲዮ ድምፅ የሰማ ሁሉ ዛሬም ያነሣዋል። ለዚህ ቅኝት ግን የሚበልጠው 2001 ነው። ቡድኑ በአሥራት ኃይሌ እየተመራ ሩዋንዳ ላይ በፍጻሜው ኬንያን 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ከባዕድ ሜዳ ይዞ ገባ። በ2005 ደግሞ እዚያው ሩዋንዳ አስተናጋጇን 1 ለ 0 አሸንፎ ደገመው። ከአካባቢው አገሮች ባሻገር ግን ሌሎቹ ጉዞዎች አጭር ነበሩ። የወጣቶቹ ቡድን በ2001 አርጀንቲና ድረስ ሄዶ በዓለም ዋንጫ ተሳተፈ። የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን፣ ሉሲዎቹ፣ በ2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ አራተኛ ሆኑ፤ ይህ ሲነገር የምንሰማው ግን አልፎ አልፎ ነው። በ2008 በፌዴሬሽኑ ውስጥ በተነሣው ንትርክ ፊፋ ኢትዮጵያን አገደ፤ ከ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ወጣች።

ከዚህ አዘቅት የተወጣው በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ነው። የዚያ ቡድን ምስጢር ሁልጊዜ ስንፈራው የኖርነው የውጭ ጨዋታ መሆኑ ያስገርማል። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ቤኒን አዲስ አበባ ላይ ያለ ጎል አቻ ሄደች፤ ኮቶኑ ላይ በ1 ለ 1 ውጤት ከሜዳ ውጭ የተቆጠረችው አንዲት ጎል ቡድኑን አሳለፈች። ሱዳን ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 አሸነፈች። ሽንፈት ነው፤ ግን ሦስት ጎል ተይዞ የተመለሰበት ሽንፈት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አዲስ አበባ ላይ አንዳንድ አስቆጠሩ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጭ የተቆጠሩት ጎሎች ፈረዱ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ በሩን የከፈተው ከቤት ርቆ የተሠራው ሥራ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዋንጫው አዲስ አበባ ከቀረበት ቀን ልክ ሃምሳ አንድ ዓመት። ኔልስፕሩይት የሚገኘው የምቦምቤላ ስታዲየም እዚያው ደቡብ አፍሪካ በሚነግዱና በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ለብሶ ነበር። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ናት። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቩቩዜላው ሜዳ ላይ ዘነበ። ዛምቢያም አስቆጠረች። በአሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣ። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ከዚያም ሩስተንበርግ ላይ በናይጄሪያ 2 ለ 0። በመጨረሻው ጨዋታ ሌላው ግብ ጠባቂ ሲሳይ ባንጫም በቀይ ስለወጣ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አድርጎ በር ላይ ቆመ። ሽንፈቱን ለመመዘን አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ በፍጻሜው የተገናኙት ሁለቱ ናቸው፤ ዛምቢያን ሲጨምር ያ ምድብ የያኔውን ሻምፒዮንና የሚቀጥሉትን ሁለት የፍጻሜ ተፋላሚዎች የያዘ ነበር።

በዚያው ዓመት የዓለም ዋንጫም ቀረብ ብላ ነበር። ቦትስዋና ሄዶ 2 ለ 1 ያሸነፈው ቡድን በካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፎ ስለተገኘ ሦስት ነጥብ ተቀነሰበት። ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ካሸነፈ በኋላ የጨፈረው ሕዝብ ደስታው ሳይበርድ ዜናው ደረሰው። ቀሪው ጨዋታ ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ሲሆን፣ ያች አገር በሁከት ላይ ስለነበረች ብራዛቪል ላይ ተደረገ። 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚል ሄደች። ብራዛቪል ላይ የሌላውን አገር ችግር አይተን ነበር። ሜዳ ያጣ ቡድን በሰው አገር አስተናጋጅ ሲባል ምን እንደሚመስል ያኔ አላስተዋልነውም።

በመጋቢት 2021 በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ አቢጃን ላይ ጋናዊው ዳኛ ሜዳ ውስጥ ራሱን ስቶ ሲወድቅ አይቮሪ ኮስት 3 ለ 1 እየመራች ጨዋታው ተቋረጠ። ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ በመለያየታቸው የአሠልጣኝ ውበቱ አባተ ቡድን እንዲያም ሆኖ አለፈ። መስከረም 3 ቀን 2021 ቡድኑ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ኬፕ ኮስት ላይ በጋና 1 ለ 0 ሲሸነፍ፣ በሰሜኑ ጦርነት ዳባት ጦር ሜዳ ነበረች። በዚያው ሰሞን በወረዳው ጭና ቀበሌ ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። የዋልያው አገር ሰው በዚያ ሳምንት ኳስ የሚያይበት ዓይን አልነበረውም፤ ታሪክ ጸሐፊው ግን ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ መጻፍ ግድ ይለዋል። ከቀናት በኋላ ቡድኑ ባሕር ዳር ላይ ዚምባብዌን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በተከታዩ ወር ደግሞ በዚያው ሜዳ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተረታ። ከዚያ ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም ከመስፈርት በታች ነው አለ። የአዲስ አበባው በእድሳት ላይ፣ አደይ አበባ በግንባታ ላይ ስለነበሩ ለብሔራዊ ቡድኑ በአገሩ ሜዳ ጠፋ።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን በታሪካችን አቻ የለውም። በኅዳር 2021 ጋናን በ‹‹ሜዳችን›› የተቀበልናት ጆሃንስበርግ ሲሆን 1 ለ 1 ወጣን። በጥር 2022 ካሜሩን ላይ በኬፕ ቨርድ 1 ለ 0 ተሸንፈን፣ በአስተናጋጇ ላይ ዳዋ ሆቴሳ በአራተኛው ደቂቃ አስቆጥሮ መልሰን 4 ለ 1 ተረትተን፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር በጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 1 ወጥተን ተመለስን። በሰኔ ወር ግብጽን የጋበዝናት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነበር፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፍን። ከዚያ ሞሮኮ፣ ዳሬሰላም፣ አቢጃን። ደጋው የሰጠን የስልሳ ዓመት ጥቅም በአንድ የፍተሻ ሪፖርት ተወሰደ። ትኬት የሚቆርጥ ተመልካች አልነበረም፤ ተጫዋቹም ለ‹‹ሜዳው›› ጨዋታ አውሮፕላን ይሳፈር ነበር። በመደበኛው የውጭ ጉዞ እንግዳው የመጣበት ቤት አለው፤ በዚህኛው ግን አልነበረውም።

በኅዳር 2024 በ2025 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ዋልያዎቹ ኪንሻሳ ላይ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጨዋታ አደረጉ። በመጀመሪያው አስተናጋጅ ተብለው ታንዛኒያን ተቀብለው 2 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለተኛው በዚያው ስታዲየም እንግዳ ሆነው፣ ማለፏን ቀድማ ያረጋገጠችውን ዴሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 1 አሸነፉ።