ከፎቶ ቤት እስከ ፍኖተ ሐሊብ፦ ሰፊውን ሰማይ ለማንሳት የተመረጡ ሌንሶች ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ)



የዛሬው ንግግሬ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይነሣል። ሰፊውን የሌሊት ሰማይ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ምን ዓይነት ሌንስ ይመረጣል? ጥያቄውን በየዓመቱ የሚያነሡልኝ ካሜራ የገዙ ወይም ሊገዙ ያሰቡ ተማሪዎች ናቸው፤ የሚጠብቁትም የአንድ ሌንስ ስም ነው። እኔ ግን ታሪኩን ማስቀደም እወዳለሁ። ይህ ምርጫ ከ140 ዓመት በላይ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ሲያሳስብ የኖረ ነው፤ በትክክል በተመረጠ ጊዜም ስለ ጽንፈ ዓለም ያለንን ዕውቀት ለውጧል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ የፊዚክስ ነጥብ ላስታውስ። ኮከብ በፎቶግራፍ ላይ ነጥብ ነው። ከእርሱ የሚሰበሰበው ብርሃን የሚወሰነው በሌንሱ የብርሃን መግቢያ ስፋት ነው፤ መግቢያው በሰፋ ቁጥር ደብዛዛው ኮከብ ይታያል። ፍኖተ ሐሊብ፣ ኔቡላ ወይም የጅራታም ኮከብ ጅራት ግን ነጥብ ሳይሆን የተዘረጋ ብርሃን ነው። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በጨመረ መጠን ምስሉ ይተልቃል፤ ያው ብርሃንም በሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ይሳሳል። ስለዚህ የተዘረጋውን ብርሃን ድምቀት የሚወስነው የትኩረት ርዝመቱ ለመግቢያው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ፎቶ አንሺዎች «ኤፍ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ቁጥሩ በግማሽ ሲቀንስ በእያንዳንዱ የምስሉ ክፍል ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ቀጥሎ የማወሳው ታሪክ በሙሉ የዚህ ልዩነት ታሪክ ነው።

በ1840 ዮሴፍ ፔትስቫል የተባለው የሒሳብ ሊቅ በቪየና ለሰው ፊት ማንሻ የሚሆን ሌንስ ነደፈ። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ የሚነሣ ሰው ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። የፔትስቫል ሌንስ ኤፍ 3.6 ገደማ ስለነበር ያንን ጊዜ ወደ ሰከንዶች አወረደው። ሌንሱ መሐሉ ጥርት ያለ፣ ጠርዙ ግን የደበዘዘ ነበር። ለፊት ፎቶግራፍ ይህ ጉድለት አያስነቅፍም፤ እንዲያውም ያሳምራል። ነዳፊው ሰማይን አላሰበም፤ ሰማይ ግን የሚፈልገው ይህንኑ ፈጣን ሌንስ ነበር።

ይህ የታወቀው በ1882 በደቡብ አፍሪካ ነው። በዚያ ዓመት ታላቅ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ የኬፕ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ኃላፊ ዴቪድ ጊል ከአካባቢው የፎቶ ባለሙያ ጋር ተባብሮ የመግቢያው ስፋት 2 ኢንች ተኩል የሆነ የፎቶ ቤት ሌንስ በቴሌስኮፑ ላይ አሰረ። ቴሌስኮፑ ጅራታም ኮከቡን ሲከተል ሌንሱ ምስሉን ያስቀር ነበር፤ ረዥሙ ፎቶግራፍ ከ2 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ውጤቱ ሲታይ ግን ጊልን ያስደነቀው ከጅራታም ኮከቡ ይልቅ በስተጀርባው የታዩት የከዋክብት ብዛት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ የደቡቡን ሰማይ በሌንስ አስነሣ። ኔዘርላንዳዊው ያኮቡስ ካፕታይን መስታወቶቹን ለዓመታት ለክቶ ከ454,000 በላይ ከዋክብትን የያዘ መዝገብ አዘጋጀ። በጀርመንም ማክስ ቮልፍ በ1891 በሰፊ ዕይታ ሌንስ በመጠቀም በፎቶግራፍ የተገኘውን የመጀመሪያ አስትሮይድ ለየ።

የዚህ ታሪክ ዋና ሰው ግን ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ነው። በ1857 በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ከመወለዱ በፊት ሞቶ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ሥራው ፎቶግራፍ በፀሐይ ብርሃን የሚያጎላውን ትልቅ መሣሪያ ቀኑን ሙሉ ወደ ፀሐይ እያዞሩ መጠበቅ ነበር። ፀሐይን በትዕግሥት መከተልን የተማረው ልጅ አድጎ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሊክ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ተቀጠረ።

በሊክ በዘመኑ ወደር ያልነበረው፣ የሌንሱ ስፋት 36 ኢንች የሆነ ቴሌስኮፕ ነበር። ጣቢያው ከሳን ፍራንሲስኮ የተገዛ ያገለገለ የፎቶ ቤት ሌንስም ነበረው፤ በቀድሞ ሻጩ ስም ዊላርድ ይባላል። የመግቢያው ስፋት 6 ኢንች ያህል፣ የትኩረት ርዝመቱ 31 ኢንች፣ ማለትም ኤፍ 5 ገደማ ነው። ታላቁ ቴሌስኮፕ ግን ኤፍ 19 ነበር። እንግዲህ ለተዘረጋ ብርሃን አሮጌው ሌንስ ከታላቁ ቴሌስኮፕ ከ10 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ባርናርድ በ1889 በዚህ ሌንስ ፍኖተ ሐሊብን አነሣ፤ ለአንድ ፎቶግራፍ ከ3 ሰዓት በላይ ዐይኑን ከመከተያው ቴሌስኮፕ ሳያነሣ፣ መሣሪያውን በእጁ እያስተካከለ።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? መልሱን የ1892 መጸው ይሰጠናል። በመስከረም ባርናርድ በታላቁ ቴሌስኮፕ የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ አገኘ፤ ይህን የዊላርድ ሌንስ ፈጽሞ ሊያየው አይችልም ነበር። በማግስቱ ወር፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ በዊላርድ ሌንስ ባነሣው ፎቶግራፍ ላይ ጅራታም ኮከብ አገኘ፤ በፎቶግራፍ የተገኘ የመጀመሪያው ጅራታም ኮከብ ይህ ነው። ሰውየው አንድ፣ ተራራው አንድ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ሁለት ስለነበሩ መሣሪያዎቹም ሁለት ሆኑ።

ትልቁ ቁም ነገር ግን ሌላ ነበር። በፎቶግራፎቹ ላይ በደማቁ የፍኖተ ሐሊብ ብርሃን መካከል ጥቁር ሰርጦችና ጉድጓድ የመሰሉ ቦታዎች ታዩ። ከዊልያም ኸርሸል ዘመን ጀምሮ ብዙዎች እነዚህን ከዋክብት የሌሉባቸው ክፍተቶች ያደርጓቸው ነበር፤ ባርናርድም በመጀመሪያ እንዲሁ አስቦ ነበር። ማስረጃ ፍለጋ የተሻለ ሌንስ ያስፈልገው ነበር። በ1897 ካትሪን ብሩስ የተባሉ በጎ አድራጊ 7,000 ዶላር ለገሱት። ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ መሣሪያው ሥራ የጀመረው በ1904 ነው፤ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት እስከ ጠርዙ ድረስ ከዋክብትን በነጥብነታቸው የሚያስቀር ሰፊ ዕይታ ያለው ሌንስ ፍለጋ ነበር። የተመረጠው ባለ 10 ኢንች ሌንስ ኤፍ 5 ነበር። ባርናርድ ቀስ በቀስ ጥቁሮቹ ቦታዎች ብርሃን የሚጋርዱ ደመናዎች መሆናቸውን አመነ፤ በ1919ም የ182 ጥቁር አካላት ዝርዝር አወጣ። የፍኖተ ሐሊብ አትላሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1927 ታተመ።

ይህ የሥዕል ውበት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ካፕታይን ከዋክብትን ቆጥሮ በ1922 ባቀረበው ንድፍ ፀሐይን ከፍኖተ ሐሊብ መሐል አጠገብ አስቀመጣት። ብናኙ የሚጋርደውን ብርሃን በሒሳቡ ባለማስገባቱ፣ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ራሱን የከተማው መሐል አድርጎ እንደሚያይ ሰው ሆነ። በ1930 ሮበርት ትረምፕለር በከዋክብት መካከል ያለው ብናኝ ብርሃንን እንደሚያደበዝዝ በልኬት ሲያሳይ ጭጋጉ ተገለጠ። ጥቁሮቹ ደመናዎች ግን ቀድሞውኑ በባርናርድ መስታወቶች ላይ ሰፍረው ነበር።

የዘመናችን ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ከ2004 ጀምሮ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በላ ፓልማ ደሴት፣ በኋላም በደቡብ አፍሪካ በእያንዳንዱ ጣቢያ ስምንት ባለ 200 ሚሊ ሜትር የካኖን ሌንሶችን ተክለው በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ከ150 በላይ ፕላኔቶችን አግኝተዋል። ፒተር ቫን ዶኩም እና ሮቤርቶ አብርሃም ደግሞ በኒው ሜክሲኮ ለስፖርት ፎቶ አንሺዎች የተሠሩ ባለ 400 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8 ቴሌፎቶ ሌንሶችን ደርድረው ድራገንፍላይ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ምክንያታቸው ግልጽ ነበር። በባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ሁለተኛው መስታወት የብርሃኑን መንገድ ስለሚያቋርጥና ብርሃን ስለሚበተን እጅግ የደበዘዘው ይጠፋል። በሌንስ መንገዱ ክፍት ነው፤ ዘመናዊ ቅባቱም ነጸብራቅን ይቀንሳል። በ2015 በኮማ የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ 47 እጅግ ደብዛዛ ጋላክሲዎችን አስታወቁ። ኋላ ሌንሶቹ 48 ሲደርሱ የሚሰበስቡት ብርሃን ከአንድ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ጋር ተቀራረበ፤ በእንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የዚህ ስፋት ናቸው።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ጥያቄ ልመለስ። ከታሪኩ የምናገኘው የምርጫ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ምን ልታነሡ እንደምትፈልጉ ወስኑ። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሴንሰር 135 ሚሊ ሜትር ሌንስ 15 ዲግሪ ያህል ሰማይ ያሳያል፤ 200 ሚሊ ሜትር 10 ዲግሪ፣ 400 ሚሊ ሜትር 5 ዲግሪ። ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ፣ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ 3 ዲግሪ ያህል ነው። የባርናርድን ጥቁር ደመናዎች ለሚሻ 135 ወይም 200 ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሌንሱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ይፈተን። ኮከብ ከማንኛውም የሰው ፊት ይልቅ ሌንስን አጥብቆ ይፈትናል። በማዕዘኖቹ ላይ ክንፍ ያወጣ ኮከብ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም የከበበው ኮከብ ካያችሁ የብርሃን መግቢያውን ትንሽ አጥቡት። ኤፍ 2 የተጻፈበት ሌንስ ለሰማይ የሚሠራው ኤፍ 2.8 ላይ ከሆነ፣ ዋጋውን በዚያ መዝኑት። የትኩረት ርዝመቱ የማይለዋወጥ ሌንስ ከሚለዋወጠው በአብዛኛው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ገንዘባችሁን ሁሉ በሌንስ ላይ አትጨርሱ። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስና በተለመደ ሴንሰር ኮከብ ከአንድ ነጥብ ወደ ቀጣዩ የሚሸጋገረው ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ነው። ሰማይን ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ ከሌለ ምርጡ ሌንስም መስመር እንጂ ኮከብ አያሳይም።

በአገራችን ሁለት ነገር ይጨመራል። የሰሜን ኮከብ በአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ተራራ ወይም ሕንፃ ይጋርዳታል፤ መቆሚያውን የምታስተካክሉበት ቦታ በስተሰሜን ገላጣ ይሁን። የፍኖተ ሐሊብ መሐል በምሽት ከፍ ብሎ የሚታየው በክረምት፣ በደመናው ወራት ነው። ስለዚህ በየካቲትና በመጋቢት ከንጋት በፊት መነሣት ይገባል። በምላሹ ከሰሜኑም ከደቡቡም ሰማይ ብዙውን ክፍል እናያለን፤ ለባርናርድ ከአድማስ ተጠግቶ የታየው የፍኖተ ሐሊብ መሐል ለእኛ ከፍ ብሎ ይወጣል።

ይህ ታሪክ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም አይልም፤ የ1892ቷ ጨረቃ ትመሰክራለች። የሚለው ነገር ቢኖር መሣሪያ የሚመዘነው በሚጠየቀው ጥያቄ ነው። ለሌላ ሥራ የተሠራ፣ በሌላ እጅ ያገለገለ ሌንስ ጥያቄውን በሚያውቅ ሰው እጅ ሲገባ የጽንፈ ዓለምን ካርታ አስተካክሏል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉትን የሰማይ ክፍል በወረቀት ላይ ጻፉ፤ የሌንሱ ቁጥር ከዚያ ይወጣል።