“ለቆ ወጣ” እና “ጥሎን ወጣ”፦ የሰኔ 2013 የጦር ማፈግፈግ፣ ክርክሩና የማይ ዓይኒ ስደተኞች

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሳንጃና ሁመራ የሚወርደው መንገድ ትክል ድንጋይን አቋርጦ ያልፋል። የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ከተማ መንገድ ዳር ስለተቀመጠች፣ ጦር ሲወርድም ሲመለስም፣ ስደተኛ ሲያልፍም ከደጇ ነው። በዚህ አገር ያደገ ሰው ስለ ጦር መውጣት ሁለት ዓይነት አነጋገር ሲሰማ ይኖራል። ወሬው ስለ ቦታ ሲሆን “ጦሩ ከተማውን ለቆ ወጣ” ይባላል። ስለ ሰው ሲሆን “ጥሎን ወጣ”። በኋለኛው አነጋገር ከግሡ ጋር የተጣበቀችው “ን” ትንሽ ትመስላለች፤ የቀረውን ሰው ወደ ዐረፍተ ነገሩ ያስገባችው ግን እሷ ናት።

ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ጦሩን ከመቀሌ ባስወጣ ጊዜ የተነሣው ሀገራዊ ክርክር ይህችን “ን” የዘነጋ ነበር ብዬ አምናለሁ። ክርክሩ ብርቱ ነበር። ከተማ፣ መሬት፣ ክብር፣ ድልና ሽንፈት ሁሉም ተነሡበት። በማይ ጸብሪ አካባቢ በማይ ዓይኒና በአዲ ሐሩሽ መጠለያዎች የነበሩት 24,000 ያህል ኤርትራውያን ስደተኞች ግን በየትኛውም ወገን ንግግር ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኙም። የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ጦሩ መውጣት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው አይደለም። ጦር ሲወጣ በመንግሥት አደራ ሥር ያለ ሰው በምን ቅደም ተከተል ይነሣል የሚለው ነው።

የሆነውን ባጭሩ ላስታውስ። መንግሥት የተናጠል የተኩስ አቁም ያወጀው በትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ጥያቄ መሆኑን፣ ዓላማውም ገበሬው የእርሻውን ወቅት እንዲጠቀምና እርዳታ እንዲገባ መሆኑን ገለጸ። ጊዜያዊው አስተዳደርም በዚያው ዕለት መቀሌን ለቀቀ። ከሁለት ቀን በኋላ አምባሳደር ሬድዋን ሁሴንና ሌተና ጄኔራል ባጫ ደበሌ መግለጫ ሲሰጡ፣ ካስፈለገ ጦሩ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ተመልሶ መቀሌ መግባት እንደሚችል ተነገረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩም መቀሌ እንደ ቀድሞው የስበት ማዕከል አለመሆኗን አስረዱ። በመቀሌ አደባባይ ሰው በደስታ ወጣ። በአማራ ክልል የነበረው ስሜት የተለየ ነበር፤ የሰሜን ጎንደር፣ የዋግና የራያ ደጅ ተከፈተ የሚል ሥጋት ነገሠ። “ስልታዊ ማፈግፈግ” የሚለውን ቃል አንዱ በእምነት፣ ሌላው በጥርጣሬ ተቀበለው። ሁሉም የተጨነቀበት ምክንያት ነበረው፤ በተለይ የድንበሩ ገበሬ ሥጋት ብዙ ሳይቆይ እውነት ሆኗል።

የክርክሩ ማዕከል ግን ከመቀሌ አልወጣም። ተለቀቀች፣ ተያዘች፣ ትመለሳለች፣ አትመለስም የሚባለው ሁሉ ስለ እሷ ነበር። የስደተኞቹ ነገር የቀረበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይታየኛል። ሌላው ምክንያት ይበልጥ ተራ ነው፤ ጦሩ ከወጣ በኋላ በትግራይ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የማይደወልለት ሰው አይታወስም።

እነዚህ ስደተኞች እነማን ነበሩ? ጦርነቱ ጥቅምት 2013 መጨረሻ ላይ ሲጀመር በትግራይ አራት የኤርትራውያን መጠለያዎች ነበሩ፦ ሽመልባ፣ ማይ ዓይኒ፣ አዲ ሐሩሽና ሕፃፅ። በክልሉ የተመዘገቡት ኤርትራውያን 96,000 ያህል ነበሩ። ከተከዜ ማዶ፣ ለድንበሩ የቀረቡት ሽመልባና ሕፃፅ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወደሙ። ሂዩማን ራይትስ ዎች መስከረም 2014 ባወጣው ዘገባ የኤርትራ ወታደሮችም የትግራይ ታጣቂዎችም በስደተኞቹ ላይ ግድያና አስገድዶ መድፈርን የመሰሉ በደሎች መፈጸማቸውን፣ ብዙዎችም በግድ ወደ ኤርትራ መወሰዳቸውን አስፍሯል። ያመለጠው ተከዜን ተሻግሮ ማይ ዓይኒና አዲ ሐሩሽ ገባ። አዲስ አበባ የደረሰም ነበር። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ መንግሥት ከእነዚህ የተወሰኑትን በአውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ትግራይ መጠለያዎች መልሷቸዋል፤ ምክንያቱም የስደተኛ ራሽን፣ ምዝገባና ጥበቃ ያለው በመጠለያው ነው የሚል ነበር።

ይህ ምክንያት ቆም ተብሎ ሊታሰብበት ይገባል። ስደተኛ በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ የሚይዘው አንድ ወረቀት አለ። የቤተሰቡ ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ የተመዘገበበት መጠለያ ሰፍሮበታል። ስንዴውና ዘይቱ የሚሰጡት በዚያ ወረቀት፣ በዚያ መጠለያ ነው። በሰላም ጊዜ ይህ አሠራር ይጠቅማል፤ ማን የት እንዳለ ይታወቃል። የጦር ግንባር ወደ መጠለያው ሲጠጋ ግን ወረቀቱ ሰውን ከቦታ ጋር ያስራል። የሄደ ራሽኑን ያጣል፣ የቆየ ነፍሱን ያሰጋል። አገሬው ከብቱን ነድቶ ወደ ዘመዱ ይሸሻል፤ ስደተኛው ግን ዘመድም በሬም የለውም፣ የሚያምነው ያንኑ ወረቀት ነው።

ጦሩ ከመቀሌ ከወጣ ጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ሐምሌ 2013 በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ውጊያው ማይ ጸብሪ ደረሰ፣ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንም ከሁለቱ መጠለያዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። የመጠጥ ውኃ እያለቀ፣ ሕክምና የለም፣ ስደተኛ ተገድሏል የሚል ዜና ወጣ። የኮሚሽኑ ሠራተኞች ተመልሰው መግባት የቻሉት ሐምሌ 29 ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው። ክረምቱ በመካከሉ እንደነበረ ልብ ይሏል። የቻለ በእግሩ ወጣ። መንገዱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ አድርጎ ሊማሊሞን ይወጣል፤ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ጠመዝማዛውን አቀበት የጨረሰ ሰው ደባርቅ ሲደርስ የሚቀበለው የሐምሌ ጉምና ብርድ ነው። ቆላ ለምዶ ነጠላና ሸበጥ ይዞ የወጣ ሰው በዚያ ብርድ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያነጋው የደጋ ሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ የክርክሬ ፍሬ ነገር ይመጣል። ስደተኞቹን ከትግራይ ማውጣት በሐምሌ የተፈጠረ ሐሳብ አልነበረም። ሕፃፅና ሽመልባ ከወደሙ በኋላ በዳባት ወረዳ አለምዋጭ በተባለ ሥፍራ እስከ 25,000 ሰው የሚይዝ አዲስ መጠለያ ለማቋቋም ታስቦ ቦታው ተለይቶ ነበር። ማውጣት እንደሚያስፈልግ ታውቋል፣ የት እንደሚወጡም ታውቋል። የቀደመው ግን ጦሩ ነው። “ጥሎ ወጣ” የሚለው ቃል በስደተኞቹ አንጻር ሲመዘን ስድብ ሳይሆን የቅደም ተከተል መግለጫ ነው፦ ወታደሩ ቀድሞ፣ ሰላማዊው ኋላ።

ለዚህ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ፣ ቀላልም አይደለም። የሚያፈገፍግ ጦር ምሥጢር ካላወጣ አደጋው ያንሳል። 24,000 ሰው በመኪና ሲጫን ያየ ባላጋራ ምን ሊሆን እንደሆነ ይገባዋል። ሆኖም ምሥጢር ሊሆን የሚገባው ሰዓቱ ነው። ስደተኞችን ከግንባር ማራቅ ራሱን የቻለ፣ ከኅዳር 2013 ጀምሮ በግልጽ ሊሠራ የሚገባው ሥራ ነበር፤ በሚያዝያ ቢሠራ ኖሮ ስለ ሰኔ ምንም አያጋልጥም ነበር። ደግሞስ መጠለያዎቹ መጀመሪያውኑ ለምን እዚያ ተቀመጡ? የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1969 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የስደተኞች ስምምነት፣ ለደኅንነት ሲባል ስደተኞች በተቻለ መጠን ከመጡበት አገር ድንበር በቂ ርቀት ላይ እንዲሰፍሩ ያዛል። አዲስ አበባ ላይ የተፈረመ ስምምነት ነው። ሽመልባና ሕፃፅ ሲመረጡ ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ ነበር።

ጉዳዩ የ2013 ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ይጠቅማል። በየካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛው ኮር ከተደመሰሰ በኋላ ደርግ መቀሌን ጨምሮ ትግራይን ለቀቀ። ገብሩ ታረቀ በኢትዮጵያ አብዮት ጦርነቶች ላይ በጻፈው መጽሐፍ ስለ ሽሬው ውጊያ በሰፊው ተንትኗል። ያኔ በአደባባይ የሚካሄድ ክርክር አልነበረም፤ ጋዜጣውም ሬዲዮውም የመንግሥት ነበር። ጥያቄው የተብላላው በጦሩ ውስጥ ሲሆን፣ ግንቦት 8 ቀን 1981 ለተሞከረው የጄኔራሎች መፈንቅለ መንግሥት አንዱ መነሻ እሱ ነበር። ከአስተዳደሩ ጋር የወጡት ሠራተኞች፣ ከጦሩ ኋላ በእግር የተጓዙት ሚስቶችና ልጆች ግን በታሪክ ጽሑፎቻችን ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነው። አዛዦቹ ማስታወሻ ጻፉ፣ እነሱ አልጻፉም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ኢሕአዴግ በቴዎድሮስ ዘመቻ ጎንደርንና ጎጃምን ከያዘ በኋላ፣ ሌላ ዓይነት ማውጣት ታየ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር በወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። አብዛኞቹ ቀደም ብለው ከጎንደር ገጠር ወጥተው አዲስ አበባ ይጠባበቁ የነበሩ ናቸው። ዘመቻው በሥርዓቱ ይደነቃል፣ ይገባዋልም። ነገር ግን የቋራ ቤተ እስራኤላውያን ቀሩ። አካባቢያቸው ቀደም ብሎ ከመንግሥት እጅ ስለወጣ አዲስ አበባ መድረስ አልቻሉም ነበር፤ ብዙዎቹ የተጓዙት ከዓመታት በኋላ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ማውጣት እንኳ የሚያነሣው መንገድ የተከፈተለትን ነው። ከዚያ በፊት በ1976 እና 1977 ሌሎች የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን በአርማጭሆና በወልቃይት በረሃ ሌሊት ሌሊት ተጉዘው ሱዳን ሲገቡ ብዙ ሺህ ሰው በመንገድና በመጠለያ አልቋል። ከሰፈሩባቸው መጠለያዎች አንዱ ኡም ራኩባ ነበር። ኅዳር 2013 ከሁመራና ከማይ ካድራ በኩል ወደ ሱዳን ከሸሹት ትግራውያን ብዙዎቹ የሰፈሩትም እዚያው ኡም ራኩባ ነው። የዚህን መንገድ ታሪክ ሳነብ ይህ ሁልጊዜ ያስቆመኛል።

መቀሌ ከተለቀቀች ሰባት ሳምንት በኋላ ካቡል ወደቀች። አሜሪካና አጋሮቿ ከ120,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን አወጡ፤ ትርምሱን፣ በአየር ማረፊያው በር የፈነዳውን ቦምብ ዓለም ሁሉ አየ። ንጽጽሩን የማነሣው ካቡል የተሻለች ነበረች ለማለት አይደለም። በዋሽንግተንና በለንደን የተነሣው ክርክር ግን ከመጀመሪያው ቀን ስለ ሰው ነበር፦ አስተርጓሚው ተሳፈረ ወይ? ዝርዝሩን ማን ያዘው? በሩ ላይ ማን ቀረ? ጋዜጠኛ በሩ ላይ ስለነበረ፣ ስልክም ስለሚሠራ እነዚህ ጥያቄዎች ሊጠየቁ ቻሉ። በእኛ ክርክር የማይ ዓይኒን ዝርዝር የጠየቀ ፓርላማም ሆነ ፓርቲ አላስታውስም።

የዳባትና የደባርቅ ሕዝብም በዚህ ታሪክ ውስጥ ታዛቢ ብቻ አይደለም። ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ የተፈናቀለው ገበሬ በደባርቅ ትምህርት ቤቶች ወለል ላይ ተኝቶ በነበረበት ወቅት ነው አለምዋጭ ለስደተኛ እንዲዘጋጅ የተጠየቀው። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ጳጉሜን ሳይገባ ደግሞ በዚያው በዳባት ወረዳ ጭና ተክለ ሃይማኖት የትግራይ ኃይሎች 26 ሰላማዊ ሰዎችን መረሸናቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች አረጋግጧል። በሐዘን ላይ ያለ ወረዳ ለሌላ ሐዘንተኛ መሬት ሰጠ። “ለተፈናቃዩ ወገናችን ሳይደርስ” የሚል ቅሬታ ቢሰማ አይፈረድበትም፤ መፍትሔው ግን ስደተኛውን ማሳነስ ሳይሆን ሁለቱንም በእኩል ዓይን ማየት ነው። ኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ን አውጥታለች፣ ለአገር ውስጥ ተፈናቃዮች የወጣውን የካምፓላ ስምምነትም በ2012 አጽድቃለች። ሁለቱም ሰነዶች ከጦርነቱ በፊት በእጃችን ነበሩ።

በማይ ዓይኒ የቀሩትስ? ታኅሣሥ 27 ቀን 2014፣ የገና ዋዜማ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጠለያው በአየር ተመታ፤ ሁለቱ ሕፃናት የሆኑ ሦስት ኤርትራውያን ስደተኞች ሞቱ። ወደ አለምዋጭ በብዛት መዛወር የተቻለው ከዚያ ወዲያ ነው። ኤርትራን ሲለቅ መረብን የተሻገረ፣ ከሕፃፅ ሲሸሽ ተከዜን የተሻገረ፣ ከማይ ዓይኒ ወጥቶ ሊማሊሞን የወጣ ሰው ዛሬ በዳባት ደጋ ሦስተኛ ድንኳኑ ውስጥ ይገኛል። ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት አለ። ከጎንደር ወደ ዳባት የሚወስደው መንገድ በሚዘጋበት ቀን የስንዴው መኪናም አይደርስም።